ፊልም ወዳድ ፎቶ አንሺ የራሱን ስልት የሚያገኝበት መንገድ፦ የሃያ ጥቅል ልምምድ

በፊልም ማንሣት የጀመረ ሰው ብዙ ሳይቆይ የፊልሙን መልክ እንደ ራሱ መልክ መቁጠር ይጀምራል። ኮዳክ ፖርትራ 400 ለቆዳ የሚሰጠውን ለስላሳ ቀለም፣ ኮዳክ ጎልድ 200 የሚያለብሰውን ቢጫ ሙቀት ወይም የትራይ-ኤክስ 400ን ግሬይን (በፎቶው ላይ የሚታየውን የፊልሙን ቅንጣት) ያይና «ስልቴን አገኘሁ» ይላል። ፋብሪካው ግን ያንኑ ፊልም ለብዙ ሺህ ሰው ሸጧል፤ የአሥር ሰዎች የፖርትራ ፎቶ ተቀላቅሎ ቢቀርብልን የትኛው የማን እንደሆነ መለየት ያቅተናል። በአንጻሩ የኢትዮጵያዊቷን ፎቶ አንሺ የአይዳ ሙሉነህን ቀለም የተቀቡ ፊቶችና ደማቅ ቀይና ሰማያዊ መደቦች ያየ ሰው ስሟን ሳያነብ ያውቃታል፤ ካሜራው በፊልም ይሥራ በዲጂታል የሚጠይቅም የለም።

በዚህ ጽሑፍ ስልት የምለው ፎቶ አንሺው ደጋግሞ የሚወስናቸውን ነገሮች ድምር ነው፤ የት እንደሚቆም፣ ከሰው ምን ያህል እንደሚርቅ፣ የትኛውን ሰዓት ብርሃን ጠብቆ እንደሚወጣ፣ ከፍሬሙ ምን እንደሚያስወጣ፣ ሲያትም ጥላውን እስከ ምን ድረስ እንደሚያጠቁር። እነዚህ ውሳኔዎች አብዛኞቹ ሳናውቃቸው የምንወስናቸው ስለሆኑ ተቀምጦ በማሰብ አይገኙም፤ የሚገኙት የራስን ኔጋቲቭ በመቁጠር ነው። መመሪያው የተዘጋጀው ፊልም መጫንና ብርሃን መለካት ለሚያውቅ፣ ነገር ግን ፎቶዎቹ የማንም ሊሆኑ የሚችሉ መስለው ለታዩት ሰው ነው። እኔ የማነሣው አዲስ አበባ ስለሆነ ምሳሌዎቼም የዚያው ናቸው።

ደረጃ 1፦ ዕቃውን መቆለፍ

ለአንድ ዓመት የሚበቃ አንድ ዓይነት ፊልም፣ አንድ ሌንስና አንድ ማጠቢያ ኬሚካል ይምረጡና ሌላውን ሁሉ መሳቢያ ውስጥ ያስገቡ። ሃያ ጥቅል ባለ 36 ፊልም 720 ፎቶ ይሰጣል፤ በወር ሁለት ጥቅል እንኳ የማይሞላ ነው። ፊልሙ በየጥቅሉ ከተቀያየረ በሁለት ፎቶዎች መካከል ያለው ልዩነት ከእርስዎ ይምጣ ከፊልሙ ማወቅ አይቻልም፤ ዕቃውን የምንቆልፈው ለዚሁ ነው።

ለመጀመሪያው ዓመት የምመክረው እንደ ኢልፎርድ ኤችፒ5 ፕላስ ያለ ባለ 400 ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው፤ ቁጥሩ ፊልሙ ብርሃንን የመቀበል አቅሙን ይገልጻል። ጥቁርና ነጭ ፊልም ቤት ውስጥ በ20 ዲግሪ ሊታጠብ ይችላል፤ የቀለም ፊልም ግን ወደ 38 ዲግሪ የሚጠጋ ሙቀትና 3 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ የሚፈጅ የመጀመሪያ ኬሚካል ስለሚፈልግ ሙቀቱ ጥቂት ከተዛባ ቀለሙ አብሮ ይዛባል። ፊልም ለብዙዎቻችን የሚመጣው ከውጭ በሚመለስ ዘመድ ሻንጣ ስለሆነ፣ ለመልእክተኛው አንድ ነገር አጥብቀው ይንገሩት፦ ወደ ጭነት በሚገባው ሻንጣ እንዳያደርገው፤ በእጁ ይዞ፣ አዳዲሶቹ የሲቲ መፈተሻ ማሽኖች ባሉበት አየር ማረፊያ ፊልሙ በእጅ እንዲፈተሽለት ይጠይቅ። እነዚህ ማሽኖች ያልታጠበ ፊልምን በአንድ ጊዜ ፍተሻ እንኳ ሊያበላሹ ይችላሉ።

ስለ ሌንስ ብዙ ክርክር አያስፈልግም፤ 35 ወይም 50 ሚሊሜትር ይበቃል። ልዩነቱ ግን ከውበት ይልቅ የርቀት ነው። ባለ 50 ሌንስ በ3 ሜትር ርቀት ወደ 2 ሜትር የሚጠጋ ስፋት ያሳያል፤ ባለ 35 ተመሳሳዩን ስፋት የሚያሳየው በ2 ሜትር ነው። በሁለት ሜትር ላይ ሰውየው ያወራዎታል፤ በሦስት ሜትር ላይ ዝም ብሎ ያይዎታል። የትኛው እንደሚስማማዎ ሌንሱን ሳይሆን ጠባይዎን ይጠይቁ።

ደረጃ 2፦ ፊትና ነጠላ

ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይህ ነው፤ የእኛን ሰው በፊልም ለሚያነሣ ሁሉ የመጀመሪያው የስልት ጥያቄ እዚህ ላይ ስለሚነሣ። የካሜራ የብርሃን መለኪያ የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ፣ ማለትም ካረፈበት ብርሃን 18 በመቶ ያህሉን የሚመልስ ነገር አድርጎ ይገምታል። ነጠላ የለበሱ እናት ፀሐይ ላይ ቆመው ሳለ እርስዎ ሙሉውን ፍሬም ቢለኩ መለኪያው በነጩ ጨርቅ ይታለልና ብርሃን ይቀንሳል፤ ታጥቦ ሲወጣ ነጠላው ግራጫ፣ ፊታቸው ደግሞ ዓይንና አፍንጫው የማይለይ ጥቁር ይሆናል። ብዙ ሰው ይህን አይቶ ፊልሙን ይረግማል።

መፍትሔው ቀረብ ብሎ ከፊታቸው ብቻ መለካት ነው። ጠይም ፊት ከመካከለኛው ግራጫ አንድ ስቶፕ (ብርሃን በእጥፍ የሚጨምርበት ወይም በግማሽ የሚቀንስበት ልክ) ያህል የጠቆረ ስለሆነ፣ መለኪያው ያለውን እንዳለ ከተቀበሉ ፊቱ ከእውነተኛ መልኩ በአንድ ስቶፕ ይበራል፤ አንድ ስቶፕ ከቀነሱ ወደ ራሱ መልክ ይመለሳል። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። ኔጋቲቭ ፊልም ትርፍ ብርሃንን ይችላል፤ የጎደለውን ግን በኋላ የሚያመጣለት የለም። ፊቱን ስናትም ማጠቆር እንችላለን፤ ኔጋቲቩ ላይ ያልተጻፈን ፊት ግን ማተም አንችልም። ነጠላው እንዳይቃጠል፣ ማለትም ዝርዝሩ ጠፍቶ ባዶ ነጭ እንዳይሆን ደግሞ የማጠቢያውን ጊዜ መቀነስ ነው። ኤችፒ5 ፕላስ በ400 ሲነሣ በውኃ ባልቀጠነ አይዲ-11 ማጠቢያ ኬሚካል በ20 ዲግሪ 7 ደቂቃ ተኩል ይታጠባል፤ እኔ ፀሐይና ነጠላ የበዛበትን ጥቅል ወደ 6 ደቂቃ ተኩል አወርደዋለሁ። ጊዜው የሚቀነሰው ለሙሉ ጥቅሉ ስለሆነ አንድ ጥቅል ላይ የቀትር ፀሐይንና የምሽት ቤትን አለመቀላቀል ይሻላል።

የመጀመሪያውን ጥቅል ለሙከራ ይሠዉት። አራት ሰዎች፣ አንድ ነጠላ፣ ሦስት ቦታ ያዘጋጁ፤ ሜዳ ፀሐይ ላይ፣ ከቆርቆሮ ክፈፍ ጥላ ሥር፣ ከመስኮት አጠገብ። በየቦታው እያንዳንዱን ሰው ሦስት ጊዜ ያንሡት፤ መለኪያው ከፊቱ ላይ እንዳለው፣ አንድ ስቶፕ ቀንሰው፣ አንድ ስቶፕ ጨምረው። በትክክል 36 ፎቶ ነው። ከታጠበ በኋላ የትኛውን ፊት ደጋግመው እንደሚያዩ ልብ ይበሉ፤ የመጀመሪያው የስልት ፍንጭ እሱ ነው። በኒው ዮርክ ሃርለም ሠፈር ያነሣ የነበረው ፎቶ አንሺ ሮይ ዲካራቫ ፎቶዎቹን ጥቁር አድርጎ ያትም ነበር፤ ጥቁሩ ውስጥ ግን ዝርዝሩ አለ፣ ዓይን እስኪለምደው ድረስ መቆም ብቻ ይፈልጋል። ጨለማን መምረጥና ብርሃን አጥቶ ጨለማ ውስጥ መውደቅ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

በዚሁ ላይ ስለ ፑሽ፣ ማለትም ፊልሙን ከተሠራበት ቁጥር በላይ አንሥቶ ረዘም አድርጎ ስለ ማጠብ አንድ ነገር ልጨምር። ኤችፒ5ን እንደ 1600 አንሥቶ በአይዲ-11 14 ደቂቃ ማጠብ ይቻላል፤ ግሬይኑ ይጎላል፣ ጥቁሩ ይከብዳል፣ ወጣት ፎቶ አንሺዎችም በጣም ይወዱታል። ነገር ግን በዚህ አሠራር መጀመሪያ የሚጠፋው የጥላ ዝርዝር ነው፤ በእኛ አገር ፎቶ ውስጥ ጥላው ላይ ያለው ብዙ ጊዜ ፊት ነው። ሲቸግር እንጂ ለጌጥ አላደርገውም።

ስለ ሰዓቱ፦ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ፣ ለምድር ወገብም ቅርብ ስለሆነች ቀትር ላይ ፀሐይ ከአናት ትወርድና የዓይን ጉድጓድን በጥላ ትሞላለች። ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓትና ከቀኑ 10 እስከ 12 ሰዓት ያለው ብርሃን ከጎን ስለሚመጣ ፊትን ያሳያል። ክረምት ላይ ሰማዩ ሙሉ ደመና ሲሆን ሰዓቱን መምረጥም አያስፈልግም፤ ብዙ ሰው ካሜራውን የሚያስቀምጥበት ያ ወቅት ለሰው ፊት ከሁሉ የተሻለው ነው።

ደረጃ 3፦ አንድ ቦታ፣ አንድ ጉዳይ

በእግር የሚደረስበት አንድ ቦታ ይምረጡና አሥራ ስምንት ጥቅል እዚያ ይጨርሱ። ላሊበላ ወይም ኦሞ ሄዶ የሚነሣ ፎቶ በአብዛኛው ከቦታው የሚገኝ ነው፤ እርስዎን አይነግርም። የገዛ ሠፈርዎ መጀመሪያ ላይ የሚነሣ ነገር የሌለው ይመስላል፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ጥቅሎችም አሰልቺ ይሆናሉ፤ ስልት የሚጀምረው ግን ግልጽ የሆነው ነገር ሁሉ ተነሥቶ ካለቀ በኋላ ነው። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ብዙ የፒያሳ ቤቶች ሲፈርሱ፣ ለዓመታት በዚያ ያለፍን ሰዎች የቤቶቹ ፎቶ ሳይኖረን ቀረን። ቅርብ ያለውን የማንሣት ሌላ ምክንያት ነው።

ሰውን ማስፈቀድ የሥነ ምግባር ጉዳይ ብቻ ሳይሆን ፎቶው ውስጥ የሚታይ ነገር ነው። ጉሊት የሚሸጡ አንዲት እናትን ለማንሣት ስጠይቅ የነበረው ንግግር እንዲህ ነበር።

«እማማ፣ አንድ ፎቶ ላንሣዎት?»

«ምን ሊያደርግልህ ነው ልጄ? እኔን አሮጊቷን!»

«ሠፈራችንን እያነሣሁ ነው። ለእርስዎም አሳትሜ አመጣለሁ።»

«እናንተ መቼ ታመጣላችሁ፤ ሁሉም እንዲሁ ብሎ ነው የሚሄደው።»

በሁለተኛው ሳምንት 10 በ15 ሴንቲሜትር አሳትሜ ወሰድኩላቸው። ከዚያ በኋላ ሽንኩርታቸውን እየደረደሩ ዞር ብለው እንኳ አያዩኝም ነበር፤ ፎቶዎቹም በዚያው ቀን ተለወጡ። አሳትሞ መመለስን በበጀትዎ ውስጥ ያስገቡት። የመንግሥትና የወታደር ተቋማት ባሉበት አካባቢ ግን ካሜራውን ከቦርሳ አለማውጣት ነው።

ደረጃ 4፦ መጻፍና መቆየት

ትንሽ ደብተር ይያዙ፤ የጥቅሉን ቁጥር፣ ቦታውን፣ ሰዓቱንና ምን ለማንሣት አስበው እንደነበር በአንድ መስመር ይጻፉ። የመጨረሻው ከሁሉ ይበልጣል፤ በኋላ ያሰቡትንና ያነሡትን የሚያስተያዩት በእሱ ነውና።

ጥቅሉ እንዳለቀ ወዲያው አይጠቡት፤ ሦስትና አራት ሳምንት ቀዝቃዛ ቦታ ይቆይ። ሲያነሡ የነበረው ስሜት ትኩስ ሳለ ፎቶውን ሳይሆን ትዝታዎን ነው የሚያዩት። የኒው ዮርኩ ፎቶ አንሺ ጋሪ ዊኖግራንድ ፊልሙን ሳያጥብ ለረጅም ጊዜ የማቆየት ልማድ ነበረው፤ እ.ኤ.አ. በ1984 ሲሞት ወደ 2,500 የሚጠጋ ያልታጠበ ጥቅል ትቷል። እስከዚያ መሄድ አያስፈልግም።

ደረጃ 5፦ ኔጋቲቩን መቁጠር

ከእያንዳንዱ ጥቅል ኮንታክት ሺት ይሥሩ፤ ስድስት ስድስት ፍሬም ያላቸው ስድስት ቁራጮች 20 በ25 ሴንቲሜትር ወረቀት ላይ ተደርድረው በኔጋቲቩ ልክ ይታተማሉ። ጨለማ ክፍል ከሌለዎት ቁራጮቹን በነጭ ብርሃን ላይ ዘርግተው በስልክ አንሥተው ወደ ፖዘቲቭ መቀየር ይበቃል። ዋናው ቁም ነገር 36ቱን አንድ ላይ ማየት ነው፤ በስልክ አንድ በአንድ እያሳለፉ ማየት ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ሰባት ያህል ጥቅል ሲሞላ ሁሉንም ወለል ላይ ዘርግተው በቀይ እርሳስ ይቀመጡ። መጀመሪያ የሚስብዎትን ብቻ፣ ምክንያት ሳይፈልጉ ያክብቡ። ቀጥሎ የተበላሹትን ይመልከቱ፤ ተመሳሳይ ስሕተት ሦስት ጊዜ ከተደገመ ስሕተት ላይሆን ይችላልና ምልክት ያድርጉበት። በመጨረሻ ይቁጠሩ፦ ስንቱ ቋሚ ነው ስንቱ አግድም? ሰው ከወገብ በላይ ነው ወይስ ሙሉ ቁመቱ? ፊቱ ወዴት ያያል? ሰማይ አለ? ብርሃኑ ከየት ነው የመጣው?

የእኔን ልንገራችሁ። ደብተሬ ላይ በተደጋጋሚ የጻፍኩት «ፊቶች» የሚል ነበር። ሰባተኛውን ጥቅል ስቆጥር ካከበብኳቸው ውስጥ ፊቱ በደንብ የሚታይ ሰው ያለበት ሁለት ብቻ ሆኖ አገኘሁት። አሥራ ሦስቱ የደጃፍ ፎቶዎች ነበሩ፤ ግማሽ አካሉ ውስጥ፣ ግማሹ ውጭ የሆነ ሰው። በአንደኛው ላይ መጋረጃ የምትገልጥ እጅ ብቻ አለ፤ የወርቅ ቀለበት፣ የተጠቀለለ የሹራብ እጅጌ፣ ከበስተኋላው ጨለማ። ያን ፎቶ ሳነሣ ሴትየዋ እስክትወጣ እየጠበቅኩ ስለነበር «አመለጠኝ» ብዬ ጽፌበታለሁ። አሥራ ሦስቱም በቁም የተነሡ ናቸው፤ በዘጠኙ ላይ የፍሬሙ ግራ ባዶ ነው። ፊት አንሺ እንደሆንኩ አምን የነበርኩት ሰው ደጃፍ ሳነሣ ነው የከረምኩት።

ከዚህ በፊት ግን አንድ ነገር አጣርተው ይግቡ፦ የሚያዩት መልክ የእርስዎ ነው ወይስ የስካነሩ? በመጀመሪያው ዓመቴ ለኮንትራስቴ፣ ለጥቁሩና ለነጩ ልዩነት ብዙ አድናቆት አግኝቼ ነበር። አንድ ቀን እነዚያኑ ኔጋቲቮች ሌላ ፎቶ ቤት ወስጄ ሳስቃኝ የሌላ ሰው ሥራ መሰሉ፤ ለስላሳና ግራጫ። የመጀመሪያው ፎቶ ቤት ማሽን በራሱ እያስተካከለ ጥቁሩን ያጠቁር፣ ነጩን ያነጣ ነበር፤ የተመሰገንኩት በማሽኑ ነው። ስለዚህ ፎቶ ቤቱን ምንም ሳያስተካክል፣ ለስላሳውን ቅጂ እንዲሰጥዎ ይጠይቁና ጥቁርና ነጩን ራስዎ ይወስኑ።

ደረጃ 6፦ ከሌሎች መስረቅ

ሌሎችን ማጥናት የሚጠቅመው ከቆጠሩ በኋላ ነው፤ ቀድሞ ከሆነ የሚያዩት ሁሉ ያምርዎታል። ከራስዎ ዝንባሌ ጋር የሚቀራረብ አንድ ሰው ይምረጡና ሃያ ፎቶውን ለራስዎ ኔጋቲቭ ባቀረቡት ጥያቄ ይመርምሩ። ለምሳሌ በማሊ የባማኮው ፎቶ አንሺ ሴዱ ኬይታ እ.ኤ.አ. በ1948 ስቱዲዮ ከፍቶ ደንበኞቹን በአብዛኛው በተፈጥሮ ብርሃን፣ ጥለት ካለው ጨርቅ ፊት ያነሣቸው ነበር፤ የመጀመሪያው መጋረጃው የገዛ አልጋ ልብሱ ነው። የልብሱ ጥለትና የመጋረጃው ጥለት ሲጋጩ የሚፈጠረው ነገር ፎቶውን ከሩቅ የኬይታ ያደርገዋል። በዚያችው ከተማ ማሊክ ሲዲቤ ደግሞ በፍላሽ የወጣቶችን ጭፈራ ተከትሎ ሌላ ዓለም ሠርቷል። አንድ ከተማ፣ ጥቁርና ነጭ ፊልም፣ ሁለት የማይምታቱ ሰዎች።

ቅርባችን ያለውንም አንርሳ። በየቤቱ አልበም ውስጥ በፎቶ ቤት የተነሡ የእናትና የአባት ፎቶዎች አሉ፤ የተሣለ መደብ፣ የፕላስቲክ አበባ፣ ቀጥ ያለ አቋም፣ ፈገግታ የሌለበት ፊት። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ለቤተ መንግሥት ያነሡ የነበሩት የቦያጂያን ቤተሰብና ከእነሱ በኋላ የመጡት ፎቶ ቤቶች ያቆዩልን አቋም ዛሬም ካሜራ ስናነሣ ሰው ሳይታዘዝ የሚቆመው አቋም ነው። ይህን አቋም ማፍረስ ወይም መቀበል በራሱ የስልት ውሳኔ ነው፤ ብዙዎች ሳያስቡበት ያፈርሱታል።

ደረጃ 7፦ ማጥበቅ፣ አንዴም ማፍረስ

ቆጠራው ያሳየዎትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። የእኔ «በደጃፍ ላይ ያለ ሰው፣ በቁም፣ በጠዋት የጎን ብርሃን፣ አንድ ጎን ባዶ» የሚል ነበር። ቀጣዮቹን አምስት ጥቅሎች በዚህ ዓረፍተ ነገር ብቻ ያንሡ፤ ከእሱ ውጭ ያለ ጥሩ ነገር ቢያልፍም ይለፍ። ከዚያ አንድ ጥቅል ዓረፍተ ነገሩን ገልብጠው ያንሡ፤ እኔ በአግድም፣ በቀትር፣ ሜዳ ላይ አነሣሁ። በተገለበጠው ጥቅል ውስጥ ሳይወዱ የተመለሰ ነገር ካለ እውነተኛው እሱ ነው። እኔ ላይ የተመለሰው ባዶው ጎን ነበር፤ ደጃፉ ግን አልተመለሰም፤ ስለዚህ ከዓረፍተ ነገሬ ሠረዝኩት።

ደረጃ 8፦ ማተምና መፈተን

ከ720ው ውስጥ አሥራ ሁለት ፎቶ መርጠው በ10 በ15 ያሳትሙና ግድግዳ ላይ ለአንድ ወር ይለጥፉ። በየቀኑ ሲያልፉ ዓይንዎ የሚዘለውን ያውርዱ፣ በሌላ ይተኩ።

ወሩ ሲያልቅ በፊልም የሚያነሡ ሁለት ጓደኞችዎን እያንዳንዳቸው አሥራ ሁለት ፎቶ እንዲያመጡ ይጠይቁ፤ ሁላችሁም በአንድ ዓይነት ፊልም ያነሣችሁትን ብታመጡ ይሻላል። 36ቱን ደባልቀው፣ የሦስታችሁንም ሥራ ለማያውቅ ሰው «እነዚህን በሦስት ሰው ክፈላቸው» ብለው ይስጡት። እኛ ስናደርገው ከፋዩ የአክስቴ ልጅ ነበር፤ ከእኔ አሥራ ሁለት ዘጠኙን አንድ ላይ አስቀመጠ። የቀሩትን ሦስት ለምን ወደ ሌላ ሰው እንዳስገባቸው ስጠይቀው «እነዚህ ላይ ሰዎቹ አንተን ያዩሃል» አለኝ። ዘጠኙ ላይ የሚያየኝ ሰው እንደሌለ ያኔ ነው የገባኝ። ሃያ አንደኛውን ጥቅል የጫንኩት በማግሥቱ ጠዋት ነው፤ ደብተሬ ላይ ከቁጥሩ አጠገብ «የማያየኝ ሰው» ብዬ ጻፍኩ።